ልጄ አጎት ተከራይቶ ትምህርት ቤት ወሰደ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሰሞኑን ጎረቤቴ ጠቁማኝ ትምህርት ቤቱ ብሄድ ጉድ ሰማሁ። ከክላስ እየፎረፈ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ኖሯል። «አጎቱ ነኝ» ያለ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ፈርሞለታል። እንዲህ ያለ አጎት የለውም! ከፍሎት ነው። አባቱ በጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በስልክ ስነግረው «ስመጣ እዚያው ጓደኞቹ ፊት ነው የምገርፈው፤ ከዚያ አስወጥቼ ጋራዥ አስገባዋለሁ» አለ። እኔ መርካቶ ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምውለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ዩኒት ሊደር ሳለሁ የኪራይ አጎት ብዙ አይቻለሁ። ሊስትሮው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሰፈር ጎረምሳው ኮት ተውሶ ይመጣል። የሚያስቀው ከእውነተኛው ወላጅ በላይ መቆጣታቸው ነው። አንዱማ ቢሮዬ ውስጥ በጥፊ ሊያጮለው ሲነሳ እኔው ነኝ የያዝኩት።

ይህ የሚሆነው ትምህርት ቤቱ መልክሽን ስለማያውቅ ነው። ብዙ ወላጅ መስከረም ላይ ያስመዘግባል፣ ከዚያ ሰኔ ላይ «ካርድህስ?» ይላል። አሁንም አሠሪሽን አስፈቅጂና ሆም ሩም መምህሩን አግኚ። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን የወላጅ ስልክ ጠይቂ። የጓደኛው ቁጥር ቢሆን አይግረምሽ። ያንቺንና የአባቱን አስጽፊ። ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ካላቸው ግቢ።

ቀጥሎ አቴንዳንሱን አሳዩኝ በይ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ስንት ቀን ቀረ ከማለት ይልቅ የትኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠፋ ብለሽ እዪ። ቀኑን ሙሉ የሚጠፋ ከሆነ ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከዚያም የባሰ ቦታ ሊኖር ይችላልና ውሎውን ተከታተዪ። ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ሲደርስ ብቻ አጥር የሚዘል ከሆነ ግን ትምህርቱ አምልጦታል። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሳቂያ መሆን ፈርቶ ነው የሚሸሸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ቱቶሪያል እንጂ ግርፊያ አይመልሰውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ነገሩ የተበላሸው 9ኛና 10ኛ ላይ ነው።

አባቱ እዚያ ሄዶ ልምታው ካለ እንዳትስማሚ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። «እዚሁ ቅጡልን» የሚል መምህርም አይጠፋም፤ እሱንም እምቢ በይ። ጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ በማግስቱ ጀግና ለመምሰል የባሰ ሲያጠፋ ነው ያየሁት። ባለቤትሽ ከመንገድም ሆኖ አርብ አርብ ለሆም ሩም መምህሩ ይደውል። ልጁም ይህን ይወቅ።

ለአጎት ተብዬው የከፈለውን ብር ከየት እንዳመጣም ረጋ ብለሽ ጠይቂው።

ጋራዡን ግን አልጠላሁትም። ክረምት ላይ ይግባ፣ ሙያ ይልመድ። መስከረም ሲጠባ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።