ችካሉን ማን ተከለው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ወጣቶች እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት አገኙኝና አንድ በራሪ ወረቀት አሳዩኝ። የአንድ ፓርቲ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ስሙ ቢቀየር ወረቀቱ ብዙም አይቀየርም። ፊቱ ላይ ባንዲራ አለ። ጀርባው ላይ «ሰላም፣ ድንበርና ብሔራዊ ደኅንነት» ይላል። ከሥሩ ሰባት ነጥብ ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ድንበር ሲለኩ ኖረው የለ? እስቲ ይሄን ይዩልን» አለኝ አንደኛው።

ቀያሽ እንደነበርኩ እውነት ነው። 36 ዓመት ከሰኮሩ እስከ ጎማ፣ ከማና እስከ ዴዶ ቴዎዶላይት፣ የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ፣ ይዤ ዞሬያለሁ። የለካሁት ግን የገበሬ ማሳና የቀበሌ ወሰን ነው እንጂ የአገር ድንበር አይደለም። ቢሆንም ሰው በመስመር ሲጣላ አይቻለሁ፤ ትንሹም ትልቁም ጠብ መልኩ አንድ ነው። ያን ቀን በወጉ አልመለስኩላቸውም። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ውጭ ባጃጁ ይጮሃል፣ እኔም ቸኩዬ ነበር። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሰባቱ ነጥቦች በምን እንደሚያልቁ እዩ። «እናስከብራለን»፣ «እናረጋግጣለን»፣ «አንደራደርም»። ጆሮ ላይ ደስ ይላሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ያስጨበጭባሉ። ቀያሽ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጡት የሚጠይቀው «ከየት እስከ የት?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «በየትኛው ሰነድ?» ይላል። ከዚያ «ያኛው ወገን ተጠርቷል ወይ?» የመጨረሻውን ጥያቄ ከትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የተማርኩት አፍሬ ነው።

በ1974 ነው። ጎማ ውስጥ ሁለት የገበሬ ማኅበራት በአንዲት ምንጭና በዙሪያዋ ባለ ጥላ ቡና ተጣሉ። እኔ ተላክሁ። የአንደኛው ማኅበር ሊቀ መንበር ጥሩ አድርጎ ተቀበለን፤ ቂጣ በማር፣ ቡና በቅቤ። የእሱን ሽማግሌዎች አስከትለን ዞርን። «እነዚያስ?» ስል «ነገ እንጠራቸዋለን» አለኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራው ቶሎ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ራሳቸው ቀይ የተቀባ 11 ችካሎች ተከልንና ሊቀ መንበሩ ቤት አደርን።

ጠዋት ስንነሳ አንድም የለም። ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ፍለጋ ስንወጣ ከምንጩ ማዶ አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ቡና ያፈላሉ። ጀበናው ሥር የሚነደውን እንጨት አየሁት፤ ጫፉ ቀይ ነው። አሮጊቷ ቀና ብለው በኦሮምኛ «ልጄ፣ ደረቅ እንጨት ነው፤ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ምን ልበል? ቁጭ ብዬ ቡናውን ጠጣሁ።

ሁለተኛው ዙር ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ስድስቱ ቀን የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ያለቀ ነው፤ እኔ መሣሪያዬን አልነካሁም። በመጨረሻ የተስማሙበት መስመር ከእኔ የመጀመሪያ መስመር የራቀው 14 ሜትር ብቻ ነበር። ያንን ችካል ግን ማንም ነቅሎ አላነደደውም።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት ሲካሄድ አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀበት። ከጅማ ሄደው የቀሩ አሉ፤ አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አምስት አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ እንዲሆን ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ኮሚሽኑ በፈረንጆች 1900፣ 1902 እና 1908 የተፈረሙትን የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች አገላብጦ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔውን ሰጠ።

የዚያን ቀን እንደዛሬው ሻይ ቤት ነበርኩ። ባድመ የእኛ ሆነች ተባለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አሥመራም ድል ነው ብላ ነበር። አንድ መስመር ሁለቱንም ወገን ድል አድራጊ ሲያደርግ አንድ ነገር እንዳልተነበበ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ቀያሹ። የውሳኔው ጽሑፍ ስለ ባድመ በስሟ አልተናገረም። በምዕራቡ በኩል ከሰቲት ወደ መረብ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነበር ያስቀመጠው። መስመሩ ካርታ ላይ ሲወርድ ባድመን ወደ ኤርትራ ይጥላታል። በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ ራሱ ይህንኑ ግልጽ አደረገ። ከዚያ የመጣው ጦርነትም ሰላምም ያልሆነ ጊዜ እስከ ሐምሌ 2010 ዘለቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃል ለዩልኝ። ድንበር መወሰን የወረቀት ሥራ ነው። ማካለል መሬት ላይ ችካል መትከል ነው። በእኛና በኤርትራ መካከል የመጀመሪያው ተደረገ፣ ሁለተኛው አልተደረገም። ኮሚሽኑ ቢቸግረው በኅዳር 2000 ድንበሩ በኮኦርዲኔት፣ ማለትም ካርታ ላይ ቦታን በሚያመለክቱ ቁጥሮች ብቻ እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ቋጨው። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ሁለቱ መሪዎች አሥመራ ላይ የጦርነቱን ማብቃት ፈረሙ፤ ዘፈኑንም ሰማን። ችካሉ ግን ዛሬም አልተተከለም። ስለዚህ ፓርቲው «ድንበራችንን እናስከብራለን» ሲላችሁ «የተወሰነውን ነው ወይስ ያልተካለለውን?» በሉት። ከተደናገጠ ራሱም አላሰበበትም ማለት ነው።

ከሰባቱ አንዱ ነጥብ «ታሪካዊ ድንበራችን» ይላል። ቃሉ ያምራል። ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 2 የአገሪቱ ወሰን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተወሰነው ነው ይላል። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። በ1964 በፈረንጆች የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ አገሮች ነፃ ሲወጡ የነበራቸው ድንበር ይከበር ብለው ሲወስኑ ሶማሊያ አልቀበልም አለች። በእኛ አቆጣጠር በ1969 ኦጋዴንን ስትወር የእኛ ትልቁ መከራከሪያ ያ ውሳኔ ነበር። ጋሻችን እሱ ነው። «ታሪካዊ ድንበር» ብሎ የተነሳ ፓርቲ ጋሻውን በራሱ እጅ እየወረወረ መሆኑን ያውቃል? እኔ እንጃ።

ስለ ክልሎች ወሰን ወረቀቱ ዝም ብሏል። ለእኔ ዝምታው ከሰባቱ ነጥብ በላይ ተናገረ። ከጎረቤት አገር ጋር ከምንጣላው ይልቅ እርስ በርስ በወሰን የተጣላነው ነው በየዓመቱ ሰው የሚያፈናቅለው። በ1997 መጀመሪያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ወሰን ላይ ብዙ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሰጥተው ነበር። ጉዳዩ ግን እዚያው አላበቃም፤ በ2010 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። አንቀጽ 48 ክልሎች በስምምነት ይፍቱት፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስን ይላል፤ ጊዜውንም ከሁለት ዓመት አያሳልፈውም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነትም አከራካሪ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈቱ ብሎ መልሶ እዚያው ነው የላከን። ስለዚህ ዕጩው ጅማ ሲመጣ «ስለ ሰላም ምን ታስባለህ?» አትበሉት። ሰላምን የሚጠላ ማን አለ? «አንቀጽ 48ን እንዴት ነው የምታስፈጽመው?» በሉት።

ስለ ጦርነት አዋጅ ባጭሩ። የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ ሲያቀርብለት። አንቀጽ 55 ላይ አለ። ከእናንተ ድምፅ ወስዶ እዚያ የሚቀመጠው ሰው እጁን የሚያወጣ ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁት። አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገናዊነት ነፃ ይሁን ይላል። ሠራዊቱን የራሱ ቅርንጫፍ አስመስሎ የሚናገር ፓርቲ ካጋጠማችሁ፣ ገዢም ይሁን ተቃዋሚ፣ ይህን አንቀጽ አስነብቡት።

የባሕር በር ጉዳይ የእናንተ ትውልድ ዋና ወሬ ነው፤ በየካፌው እሰማችኋለሁ። አልነቅፋችሁም፣ የጅማ ሰው ይመለከተዋል። ቡናችን በ1990 ከአሰብ ሲለይ መንገዱ ሁሉ በጅቡቲ ሆነ። ዛሬ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው ነው። ወደብ የማይፈልግ የለም። ጥያቄው በምን መንገድ ይገኝ የሚለው ነው፤ በኪራይ ነው? በልውውጥ? በጠመንጃ? ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሶማሊያ ተቆጣች። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። እኔ ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ የጎማው ምንጭ ነው። ከአንዱ ጋር ቂጣና ማር በልተህ ሌላውን ሳትጠራ ችካል አትተክልም። ወረቀቱ ግን «የባሕር በር እናስመልሳለን» ብሎ አልፏል። በምን? ከማን? በስንት ብር? የለም።

አንዳንዴ ጅሬን እወጣለሁ፤ ጉልበቴ ሲፈቅድ። ቤተ መንግሥቱ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ከተማዋን ስታዩ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ምን እያሰቡ ያዩዋት እንደነበር ገምቱ። የጊቤ መንግሥታት፣ ጅማና ጎረቤቶቿ፣ ወሰናቸውን በቦይና በኬላ ያጥሩ ነበር፤ በመካከላቸውም የማይታረስ ባዶ መሬት ይተዉ ነበር። አባ ጅፋር ግን በ1870ዎቹ ምኒልክ ሲመጡ ቦይ አልቆፈሩም። ግብር ለመክፈል ተስማሙ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ቆዩ። እስከ መጨረሻው የተዋጋው ጎረቤታችን ካፋ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ይህን ስል ጅማ ገነት ነበረች አልልም። ግብሩ ከባድ ነበር፤ የከፈለው ገበሬው ነው። ኸርማታ ገበያም ሰው ይሸጥባት ነበር። ሰላም ሲገዛ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ፓርቲ ከመጣ ግን አድምጡት። እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሦስታችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ሄዳችኋል። ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ እዚያው ሻይ ቤት ነኝ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። ወረቀቱን አምጡት። እርሳስ እኔ ይዣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን «ከየት እስከ የት?» ብለን እንጽፍበትና ዕጩው ሲመጣ እንሰጠዋለን።