ጥድ ነው ወይስ ፓቱላ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ አባቴ የዛሬ 20 ዓመት ከዳንግላ በችግኝ ያመጣው ዛፍ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ «ጥድ» ይለዋል። ለገና ቅርንጫፍ ልቆርጥ ስል ዋርሳዬ «ይሄማ ፓይን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሌላ ነው» ብሎ ሲከራከረኝ አመሸ። ቅርንጫፉን በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ማናችን ነን ልክ? የዛፉስ አገሩ የት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፖስታሽ ደርሶኛል። ስከፍተው የሙጫው ሽታ ቤቱን ሞላው። አዝናለሁ፣ ዋርሳሽ ረትቶሻል።

መነጽሬን አድርጌ አንድ ቅጠል ልነቅል ሞከርኩ። ብቻውን አልመጣም፤ ሦስት ሆኖ መጣ። ሦስቱንም ከሥራቸው ስስ ሽፋን ጠርንፎ ይዟቸዋል። በማስመሪያ ስለካው 22 ሳንቲሜትር ሆነ። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ታች ይንዠረገጋል። እንዲህ ሦስት ሦስት ሆኖ፣ ረዝሞ የተንጠለጠለ ከሆነ ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዓይነት ነው፤ በሳይንስ ስሙ ፓይነስ ፓቱላ። አንዳንዴ አራት ወይም አምስት ሆኖ ቢመጣ አትደናገጪ። ራዲያታ የሚባለው ዘመዱም ሦስት ሦስት ነው፤ ግን ቅጠሉ አጠር ይላል፣ እንዲህም አይንጠለጠልም።

አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ እዪው። ያደገው ዛፍ ቅጠሉ መርፌ አይደለም። እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ተደራርቦ ይለጠፋል። ፍሬው አተር ታህላለች፣ ስትበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ትሄዳለች። የፓቱላ ፍሬ ግን እንጨት ነው፤ ራስ ላይ ቢወድቅ ያማል።

ሁለቱ ቤተሰባቸውም አንድ አይደለም። ፓቱላ ከፓይን ቤተሰብ ነው፣ ጥድ ከሳይፕረስ። «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው አጥር ላይ የሚተከለው ዛፍ ግን እውነተኛ የጥድ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ሉሲታኒካ» የሚል አለበት፣ የፖርቱጋል ማለት ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ተተክሎ ስላገኙት ነው እንጂ አገሩስ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ስም ማዛባት የእኛ ብቻ አይደለም።

የአባትሽ ዛፍም አገሩ ሜክሲኮ ነው። በምሥራቁ የተራራ ሰንሰለት ከታማውሊፓስ ተነስቶ፣ በኢዳልጎ፣ በፑዌብላና በቬራክሩዝ አድርጎ ወደ ኦአሃካ ይወርዳል። ጉም የሚያዘወትረው ደጋ ይወዳል፤ በብዛት የሚገኘው ከ1,800 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሺዴ የተባለ ጀርመናዊ ሜክሲኮ ሄዶ ሰበሰበው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ደግሞ ሽሌክተንዳልና ሻሚሶ ስሙን በጽሑፍ አወጡት። ሻሚሶ ገጣሚም ነበር። ከቺያፓስ እስከ ኒካራጓ የሚበቅለውን ቴኩኑማኒ የሚባል ፓይን አንዳንድ ተመራማሪዎች የፓቱላ ንዑስ ዝርያ ነው ይሉት ነበር። ሌሎቹ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው ለዩት። ከዋርሳሽ ጋር ብትከራከሪ ምን ይገርማል!

ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለም። ሞሮኮና አልጄሪያ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ ሰው የተከለው ነው። ጥዳችን ግን ከሳዑዲና ከየመን ተራሮች ጀምሮ በእኛ በኩል አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል።

አባትሽን አትውቀሺ። እኔ ራሴ ችግኝ ጣቢያ በተቀጠርኩ ሰሞን አንድ መሪጌታ ለደብራቸው ጥድ ፈልገው መጡ። የጥድ ችግኝ ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉ መርፌ ይመስላል። እኔም ሳላጣራ 40 ፓቱላ በአህያ ጭኜ ሸኘኋቸው። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ መሪጌታው አዩኝና «ና እስቲ፣ ጥድህ ፀጉሩን አላበጥር ብሏል» አሉኝ። ሦስቱን ቆርጠው ማገር አድርገውት ኖሮ ምስጥ ጨርሶታል። ጥድን እኮ ምስጥ እንዲህ በቀላሉ አይደፍረውም። ያን ቀን የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ዛፉን ተዪው፣ ጥላ ይሁንሽ። ሌላ ግን አትጨምሪ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለፓቱላ ታችኛው ጠርዝ ነው፤ ሙቀታችንም ይከብደዋል። ዘሩን ማየት ከፈለግሽ ፍሬው በራሱ እስኪከፈት አትጠብቂ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደተዘጋ ዓመታት ይቆያል። ቆርጠሽ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመቺው። ለገና ቅርንጫፍ ስትቆርጪም አሮጌ ልብስ ልበሺ። ሙጫው እጅሽ ላይ ከያዘ ሳሙና አይነካውም፤ መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሺው።