ግሩፑ የማን ነው? ስለ ትምህርት ቤት ቴሌግራም፣ ዋይፋይና የልጆች ፎቶ ለጠየቃችሁን

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለው። በቅርቡ ወላጅ ያልሆነ ሰው ገብቶ ለእናቶችና ለተማሪዎች በግል ሲጽፍ ተደረሰበት። አስወጣነው፤ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ። ግሩፖቹን እንዝጋ? (ርእሰ መምህር፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሰውየው የተመለሰው እሱን አስወጥታችሁ የገባበትን ሊንክ ስለተዋችሁት ነው። አንዴ የተበተነ ሊንክ እስካልተሻረ ድረስ ይሠራል። ዛሬውኑ አድሚኑ የግሩፑን ስም ነክቶ በኤዲት በኩል "ኢንቫይት ሊንክስ" ውስጥ ይግባና አሮጌዎቹን በሙሉ ይሻር። አዲሱን ሲያወጣ "ሪኩዌስት አድሚን አፕሩቫል" የሚለውን ያብራ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ያለ ፈቃድ አይገባም። ችግሩ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው በቴሌግራም ስሙ "ማሚ" ወይም አንድ ጽጌረዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጁ ሲመዘገብ ካስያዘው ስልክ የልጁን መለያ ቁጥር በኤስኤምኤስ ይላክ፤ ካልላከ አይፈቀድለት። ሰውየው ግሩፑ ውስጥ ጽፎ ያጠፋው ነገር ካለ ደግሞ አድሚኑ "ሪሰንት አክሽንስ" የሚለውን ይክፈት። የጠፉ መልእክቶች እዚያ የሚቆዩት ለ48 ሰዓት ብቻ ነውና ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቁ።

ይህ ግን ማስታገሻ ነው። ግሩፕ ውስጥ የገባ ሁሉ የሌላውን አባል ስምና ፎቶ ያያል፣ በግል መጻፍም ይችላል። የአባላትን ዝርዝር መደበቂያ አለ፤ የሚሠራው ግን ከ100 በላይ አባላት ላሉት ግሩፕ ነው። 45 ተማሪ ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። የቻናል (አድሚን ብቻ የሚጽፍበት) ተከታዮች በአንጻሩ ለአድሚን ብቻ ነው የሚታዩት። የቤት ሥራው፣ የክፍያው ቀን፣ የወላጆች ስብሰባው ሁሉ በግል ቻናል ቢሄድ ማንም ማንንም አያይም። ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ አታያይዙ፤ አስተያየት የጻፈ ወላጅ እዚያው ይገለጣልና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ የባለቤትነቱ ነገር አለ። መምህሩ በራሱ ስልክ የከፈተው ግሩፕ የመምህሩ ነው፤ ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል፣ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል። በትምህርት ቤቱ ስም ሲም ካርድ አውጡ፤ ስልኩ ከቢሮ አይውጣ፤ ቻናሎቹ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይከፈቱ፤ መምህራን አድሚን ይሁኑ እንጂ ባለቤት አይሁኑ። ያሉትን ለማዛወር ቴሌግራም የአሁኑን ባለቤት ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፦ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ከበራ 7 ቀን፣ በዚያ ስልክ ከገባ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። በሰኔ የመጨረሻ ቀን መልቀቂያ እያስፈረሙ "ግሩፑን አስረክብ" ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። በግንቦት ጀምሩ።

ወላጆች ደግሞ በራሳቸው ስልክ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ውስጥ ሁለት ነገር ይቀይሩ፦ ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ ለሚለው "ኖባዲ"፣ ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኝ ለሚለው "ማይ ኮንታክትስ"። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስልክ አስይዞ አብሮ ማድረግ ይሻላል፤ በወረቀት የተላከ መመሪያ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ "ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ" ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ከፍቼ ቁጥሬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በእኔ ስም ከተማሪ ወላጆች ብር ሲጠየቅ ሰማሁ። (መምህርት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ባልደረባዎም እንደ እርስዎ ተጠልፋ ነው የጻፈችው፤ እሷን አይቀየሟት። ያስገቡት ባለ አምስት አኃዝ ኮድ የቴሌግራም መግቢያ ነበር።

ከስልክዎ ላይ ገና ካልተባረሩ ጊዜው ለእርስዎ ያደላል። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌላውን ማስወጣት አይችልም፤ የቆየው የእርስዎ ስልክ ግን ይችላል። "ሴቲንግስ"፣ ከዚያ "ዲቫይስስ"፣ ከዚያ "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ"። ወዲያው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩና የይለፍ ቃሉ ቢረሳ የማስመለሻ ኢሜይል ያስገቡ። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ከሆነ እሱን ካስወጡ በኋላ ዳግም እንዲቀየር ይጠይቁ፤ 7 ቀን ያስጠብቃል፣ እስከዚያው ግን አካውንቱ በእጅዎ ነው።

አጭበርባሪው ብር የሚያገኘው እርስዎ በአካውንቱ ሲታገሉ ወላጆች ምንም ባለመስማታቸው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስልኩን ሲያስተካክል ሌላው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቁጥር እያወጣ ይደውል ወይም ኤስኤምኤስ ይላክ። በቴሌግራም ማስጠንቀቅ አይበቃም፤ ሌባው ቁጭ ብሎ ያጠፋዋል። የላከ ወላጅ ካለ በቴሌብር ከሆነ ወዲያውኑ 127 ይደውል፣ በባንክ ከሆነ ወደ ባንኩ ይሂድ፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ ካለቀ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።

ለወደፊቱ የትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በምዝገባ ወረቀት ላይ ታትሞ ይሰጥ፤ ቢቀየር ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ብቻ እንደሚነገር ወላጅ ሁሉ ይወቅ። መምህር በግሉ ብር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችንን በኢንተርኔት የተዋወቃት ሰው እርቃኗን የሚያሳይ ፎቶ ይዞ ብር ካላመጣሽ እያለ ያስፈራራታል። አንድ መምህር ለማስረጃ ብሎ ፎቶውን ወደ ስልኩ አስተላልፎ ለአስተዳደሩ አሳየ። ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? (የትምህርት ቤት አማካሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ከመምህሩ እንጀምር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወሲባዊ ምስል ማሠራጨትን ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቅን ሐሳብ ቢኖረውም ምስሉ በስልኩ መኖሩ ራሱን አደጋ ላይ ጥሎታል፤ ልጅቷንም ሁለተኛ ጊዜ አጋልጧታል። ከአሁን በኋላ ማንም አይቅዳ፣ ለማንም አይላክ። መምህሩ ምን እንዳደረገ ከነሰዓቱ በጽሑፍ ያስፍር፤ ስልኩ ላይ ያለው ምን እንደሚደረግ ግን ፖሊስ ይወስን።

ማስረጃው ራሱ የልጅቷ ስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የግል ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ስልኩን ቶሎ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ የዚያኛው የማጥፋት ትእዛዝ እንዳይደርስ ያግዳል። ከዚያ ምስሉን ትታችሁ የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ብቻ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሴክሬት ቻት (የቴሌግራም ምስጢራዊ ንግግር) በብዙ ስልኮች ስክሪን ሾት ስለሚከለክል ይህ መንገድ በሁሉም ቦታ ይሠራል። የሰውየውን የፕሮፋይል ስም ብቻ መያዝ ስሕተት ነው፤ እሱ በደቂቃ ይቀየራል። ዩዘርኔሙን (በ@ የሚጀምረውን መለያ)፣ ቁጥሩ ከታየ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። ከሁሉ በላይ ግን ብሩን "አስገቢ" ያላትን የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳብ ያዙ፤ ቴሌግራም ላይ ሐሰተኛ ስም ያለው ሰው እዚያ እውነተኛ ዱካ ይተዋል።

ብር አይላክለት። የከፈለ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቁ አይቀርም። ለወላጅ ሲነገር ከልጅቷ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይሁን፤ ወላጁ እንዳይደበድባት የምትሰጉ ከሆነ አስቀድማችሁ አነጋግሩት። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል። ፎቶው እንዳይሠራጭ ደግሞ የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ምስሉ ከልጅቷ ስልክ ሳይወጣ አሻራው (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ተሰልቶ ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ የተስማሙ መድረኮች ያንን አሻራ ይዘው ያግዱታል። ያልተስማማ መድረክ ላይና በግል በሚላክ መልእክት ላይ አይሠራም።

ትምህርት ቤቶች ደጋግመው የሚያበላሹት አንድ ነገር አለ፤ ነገሩን ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ስም ሳይጠሩም ቢሆን፣ "አንዳንድ ሴት ተማሪዎች" ብሎ ማንሳት። እስከ ዕረፍት ሰዓት ማን እንደሆነች ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ነገር የሚደርስባት ሌላዋ ልጅ ደግሞ አማካሪው ቢሮ ዝር አትልም። ተበዳይዋን ማገድም እንደዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የአይሲቲ መምህር ነኝ። መጥፎ ድረ ገጾችን ለሚያግድ ማጣሪያ በጀት የለንም፤ ዋይፋዩ ግን ለተማሪዎች ክፍት ነው። (ሐዋሳ)

መልስ፦ ያለ በጀት የሚሠራው የቤተሰብ ዲኤንኤስ ነው፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ተቀብሎ አድራሻውን የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብተው በዲኤችሲፒ ክፍል (ራውተሩ ለስልኮች ቅንብር የሚያድልበት) የመጀመሪያውን ዲኤንኤስ 185.228.168.168፣ ሁለተኛውን 185.228.169.168 ያድርጉ። ይህ የክሊንብራውዚንግ የቤተሰብ ማጣሪያ ነው፤ የወሲብ ገጾችን ያግዳል፣ በጉግልና በዩቲዩብ ላይም ጥብቅ ፍለጋን ያስገድዳል። ብዙዎች ሁለተኛው ሳጥን ላይ የነበረውን ቁጥር ይተዉታል፤ ያኔ ስልኩ እንደፈለገ በዚያ በኩል ያልፍና ማጣሪያው "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" ይባላል። ራውተሩ ከፈቀደ ወደ ሌላ ዲኤንኤስ የሚወጣውን ፖርት 53 እና 853 ይዝጉ። አብሮት የመጣውን የአድሚን የይለፍ ቃልም ይቀይሩ፤ ካልቀየሩት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁሉንም መልሶ ይከፍተዋል።

ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ኮምፒዩተር በኩል ደብቆ የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ይህን ሁሉ ሊዘለው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ልጆቻችን አጠቃቀሙን ከእኛ ቀድመው ተምረዋል። ስለዚህ ማጣሪያውን ትንንሾቹ ሳያስቡት እንዳይገቡ የሚጠብቅ አድርገው ይዩት፤ ለትልልቆቹ በላብራቶሪ ውስጥ ስክሪኖቹ ወደ መምህሩ እንዲዞሩ መደርደር ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። የሬጅስትራርና የሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተሮች ከተማሪዎቹ ዋይፋይ ጋር አይገናኙ።

ጥያቄ፦ የልጄን ፎቶ ከነሙሉ ስሟ፣ "ከ4ኛ ቢ 1ኛ የወጣች" ብለው በፌስቡክ ለጠፉት። ማመስገን ይገባኝ ይሆናል፤ ግን ደስ አላለኝም። (እናት፣ መቀሌ)

መልስ፦ ደስ አለማለትዎ ትክክል ነው። በእኛ አገር የልጅ ሙሉ ስም የአባቷንም ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ከዩኒፎርሟና ከክፍሏ ጋር ሲደመር አንድ እንግዳ በር ላይ ቆሞ "የአባትሽ ጓደኛ ነኝ" ለማለት የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። እንዲያነሱት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከጎንዎ ነው። ትምህርት ቤቱ በመዝገቡ ፎርም ላይ ሦስት የተለያዩ ፈቃዶች ቢጠይቅ ይሻላል፦ ለግቢ ሰሌዳ፣ ለወላጆች ቻናል፣ ለሕዝብ ገጽ። በሕዝብ ገጽ ላይ የራሷ ስም ብቻ ይበቃል፤ የክፍሉን ፊደል ይተዉት። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክም "ፋይል" ተብሎ አይላክ፤ እንዲያ ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ማታ ማታ በግል ይጽፉልኛል። ለጥያቄያቸው ባልመልስ ይከፋቸዋል። (የሒሳብ መምህር፣ ጎንደር)

መልስ፦ መልሱን በክፍሉ ቻናል ላይ ለሁሉም ይጻፉት፤ የአንዱ ጥያቄ የአሥሩ ነው። በግል ለሚጽፍ ተማሪ አንድ ዓይነት አጭር መልስ ይላኩ፦ "ነገ ክፍል ውስጥ ጠይቀኝ፣ ቻናሉን እይ።" ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ምንም አይላኩ። ችግር ውስጥ ያለ ልጅ ከጻፈልዎት ግን ዝም አይበሉ፤ ይመልሱለትና በዚያው ምሽት ለአማካሪው ወይም ለርእሰ መምህሩ ደውለው ያሳውቁ፤ የደወሉበትንም ሰዓት ይመዝግቡ። ንግግሩን አያጥፉት፤ ነገ የሚጠየቁት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።