ግጥሜ ንግግር መሰለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ስለ ፋሲል ግንብ ግጥም ጀመርኩ። «ኩራታችን፣ ዓርማችን፣ አንድነታችን» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ጓደኛዬ «የስብሰባ ንግግር ነው» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፤ ቡና ጋብዘው። «ኩራታችን» የሚለውን አንባቢው ራሱ ይበለው፤ አንተ ግንቡን አሳየው። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ቆረቆሩ። ተከታዮቻቸው ግን በሳቸው ቤት መኖሩ አልበቃቸውም፤ በዚያው ግቢ የየራሳቸውን አነጹ። ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም ጭምር። ታዲያ ይሄ አንድነት ነው ፉክክር? ግጥምህ ያለው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ብሆን የኢያሱን ቤት እመርጥ ነበር። ጣሪያ የለውም። በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ከጎንደር ሲባረር የእንግሊዝ ቦምብ ግቢውን ጎድቶታል። ነፃ ሊያወጣ የመጣ ቦምብ የነገሥታቱን ቤት ሲመታ፣ ሰምና ወርቅ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? (ፋሲል ግንብን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚሄደው ሰው ይገርመኛል።)

ለምጣኔው የወል ቤት፣ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈለው፣ ይበቃሃል። አሥራ ሁለት ስንኝ ስታደርሰው ላክልኝ። «ዓርማ» ካለበት ግን አልቀበልም።