አፍሽ ደጋግሞ ለሚቆስልብሽ እህት

እህቴ፣ «ከንፈሬ ውስጥና ምላሴ ጎን ላይ ነጭ ቁስል ይወጣል፣ ይድናል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ፣ ምን ላድርግ?» ያልሽውን አነበብኩት። የኔው ታሪክ ነው። ለዓመታት ስላሰቃየኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. አንቲባዮቲኩ ይቅርብሽ። ይሄ ሐኪሞች አፍተስ የሚሉት ቁስል ነው፣ ከባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስም ጥቅም የለውም። ሰው ላይ አይተላለፍም፣ ልጅሽን ለመሳም አትፍሪ። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ ምች የምንለው፣ ሌላ ነው። እሱ የቫይረስ ነው፣ ይተላለፋል።

2. ደምሽ ይታይ። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ያችኑ ማዘዣ ይጽፉልኛል። «ደሜን ብታዩልኝስ?» ስለው ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ ሰው እየሰማ፣ «ጥርስሽን በደንብ ቦርሺ፣ ሌላ ምንም የለብሽም» አለኝ። እኔ እኮ ጠዋት ማታ የምቦርሽ ሰው ነኝ! ለካርድ ከፍዬ፣ ተሰልፌ፣ ተሰድቤ ወጣሁ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ግን አልተውኩትም። ሌላ ቦታ ሄድኩና ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ) ካልታየልኝ አልወጣም አልኩ። ታየ፣ ብረቴ ተሟጧል። የወር አበባዬ ይበዛል፣ እስከዚያ ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የብረት፣ እንዲሁም ቢ12 እና ፎሌት የሚባሉት ቫይታሚኖች እጥረት አፍ እንደሚያቆስል ያስረዳችኝ እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ናት፣ እግዜር ይስጣት። የብረት ክኒን ካዘዙልሽ ደግሞ ቡናና ሻይ ከክኒኑም ከምግቡም አርቂ፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እኔ የምሳ ቡናዬን ወደ አስር ሰዓት ገፋሁት። ጎረቤቶቼ ቅር አላቸው፣ ግን ደሜ ሞላ፣ ቁስሉም እየራቀ ሄደ።

3. እስኪድን በለብታ ውሃ ጨው በጥብጠሽ ተጉመጥመጪ። ሚጥሚጣና ሎሚ ለጊዜው ይቆዩ። ትራይአምሲኖሎን የሚባል የአፍ ቅባት አለ፣ ሐኪም ካዘዘልሽ ገና መለብለብ ሲጀምርሽ ቀቢው፣ ቁስሉ ካፈጠጠ በኋላ ያን ያህል አይረዳም። የጥርስ ሳሙናሽንም እዪው። አረፋ የሚያበዛው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አንዳንድ ሰው ላይ ያባብሰዋል፣ የሌለበትን ፈልጊ። ምላስሽን የሚፍቅ የተሰበረ ጥርስ ካለም ይስተካከል፣ አለዚያ ያው ቦታ ይመላለሳል።

4. መጠኑንና ጊዜውን ተከታተይ። ትንንሾቹ፣ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ያሉት፣ በ2 ሳምንት ገደማ ይድናሉ። ከዚያ የሰፋው ለሳምንታት ይቆያል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ብልት ላይም ቁስል ከወጣ ወይም ዓይንሽ ከቀላና ካመመሽ ሳታፍሪ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ቤሼት የሚባል በሽታ እንደዚያ ይጀምራል። ከ3 ሳምንት ያለፈ፣ በተለይ ጠንከር ያለና የማያም ቁስል ከሆነ ግን ሌላ ክኒን አትቀበዪ። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ ይታይልኝ በይ፣ ቢቆጡሽም በይ። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ጫት የሚቅም ሰው ቤትሽ ካለ ይህንኑ ለእሱም ንገሪው።