መልስ፦ ኤፕሪል 6 ኒውዮርክ ካፖርት ያስፈልጋል ወይ?

እህቴ፣ ለሠርግ ኤፕሪል 6 ኒውዮርክ እንደምትመጪና የድሮው የአየር ሁኔታ መዝገብ ላይ በረዶ አይተሽ እንደደነገጥሽ ጽፈሻል። ያየሽው ልክ ነው። በ1982 በዚያው ቀን (በኛ መጋቢት 28 ቀን 1974 መሆኑ ነው) መሃል ከተማ ባለው መናፈሻ፣ ሴንትራል ፓርክ ላይ 9.6 ኢንች፣ ማለትም 24 ሴንቲሜትር ገደማ በረዶ ወርዷል። የያንኪስ ቤዝቦል ቡድን የመክፈቻ ጨዋታ እንኳ ለሌላ ቀን ተላልፏል።

ግን ይሄ ሪከርድ ነው። ከ1869 ጀምሮ በተያዘ መዝገብ ውስጥ የዚያ ቀን የመጨረሻው ጥግ ማለት ነው። እስኪ ወረድ ብለሽ ኤፕሪል 18ን እዪው፤ በ1976 ሙቀቱ 96 ፋራናይት ደርሷል፣ በሴልሺየስ ከ35 በላይ! በሁለቱም ቀን ልብስ አይመረጥም።

አንቺን የሚጠቅምሽ «ኖርማል» የሚለው አምድ ነው። እሱ የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ሲሆን ለዚያ ሰሞን ቀን ቀን 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሰጥሻል። የየትኛው የአየር መለኪያ ጣቢያ እንደሆነም እዪ። ጄኤፍኬ ኤርፖርት ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ በጸደይ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ መሃል ከተማው ግን ሞቅ ሊል ይችላል።

ፀሐዩ አያታልልሽ። ፀሐይ ባለበት በኩል ጃኬትሽን ታወልቂያለሽ፣ መንገዱን ተሻግረሽ ጥላው ውስጥ ስትገቢ መልሰሽ ትለብሻለሽ። ወፍራሙን ካፖርት ተዪው፤ ስስ ካፖርትና ለሐበሻ ቀሚስሽ ደህና ጋቢ ወይም ሻርፕ ያዢ። አምስት ቀን ሲቀርሽ ደግሞ ትንበያውን እዪ።