ፍስክ ሲገባ ምን በላች?

ይድረስ ለልጄ፣

«እህቴ ጾም አብዝታለች፤ ቤተሰቡ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን ፈራሁ» ያልሽው አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አስታወሰኝ። ኅዳር ላይ እናቷ «ጨጓራዋን ነው» ብላ ወደ ክሊኒካችን አመጣቻት። ሁለት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ የልብ ምቷ በደቂቃ 46፣ የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወሩ፣ ክንዷ ላይ ስስ ጸጉር በቅሏል። ጨጓራው፣ ሳንባው፣ ታይፎይዱ ተመረመረ፤ ምንም የለም። ቫይታሚን ታዞላት ወደ ቤቷ ሄደች።

ያልጠየቅናት ጥያቄ አንድ ነበር። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ኅዳር 5 ያበቃል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመካከል ባሉት የፍስክ ቀናት ምን በላች? ጾሙን አልፈታችውም። እስከ 9 ሰዓት ትቆይና ሩብ እንጀራ በጎመን ቀምሳ ትነሣለች። እናቷ ደግሞ «መንፈሳዊ ሆነችልኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ጾመኛ ፍስክ ሲገባ ደስ ይለዋል፤ በአኖሬክሲያ፣ ውፍረትን ፈርቶ ራስን በሚያስርብ የአእምሮ ሕመም፣ የተያዘ ግን ሰበቡ ስለሚያልቅበት ይጨነቃል። ይህን አለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለገና ዘመድ ተሰብስቦ በጉርሻ አጣደፋት። ታላላቆቿን ላለማሳፈር ዋጠች። በሦስተኛው ቀን እግሯ አብጦ፣ የልብ ምቷ ተዛብቶ ድንገተኛ ክፍል ገባች። የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ሲያገኝ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ለልብ የሚያስፈልጉትን ማዕድናት፣ ፎስፌትንና ፖታሲየምን፣ ከደም ወደ ሴል ያስገባል፤ ያኔ ልብ ይደክማል። ደግነቱ ተረፈች።

በኋላ ለነርሷ እንደነገረቻት፣ ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ከውጭ የመጣች አክስቷ በር ላይ «ውይ፣ ወፈርሽ!» ያለቻት ቀን ነው። ለአያቷ ቢባል ሙገሳ ነበር። የፓስፊክ ደሴቶች አገር ፊጂም ሞላ ያለ ሰውነት የሚከበርባት አገር ነበረች፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን በገባ በሦስት ዓመቱ፣ በአንድ አውራጃ ከተጠኑት ልጃገረዶች 11 ከመቶ ያህሉ ክብደት ለመቀነስ ያስታውኩ ነበር። ቀድሞ አንዲትም አልነበረችም። የዘንድሮ ወጣቶች ስለ አእምሮ ሕመም ከእኛ በተሻለ በግልጽ ታወራላችሁ፤ በስልክ ካሎሪ መቁጠርን ግን እንደ ጤና ማየታችሁ ያሳስበኛል።

እናትሽን አትክሰሻት። ሙያችን ራሱ ወላጆችን ሲወቅስ ኖሯል፤ ሕመሙን አኖሬክሲያ ነርቮሳ ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ዊልያም ገል እንኳ ዘመድ አያስታምም ባይ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሞድስሊ ሆስፒታል የተሞከረው ተቃራኒው ነው፤ ወላጆች ራሳቸው ያብሏት ተባለ፤ ለብዙ ልጆችም ሠራ። አክስቲቱን ግን ዛሬም ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

እህትሽ ከ5 ቀን በላይ ምንም ያህል ካልበላች መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የደሟ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ይታይ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ትነሣ። ምግቡ በምን ያህል እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስን። ከዚያ በቀን ሦስት ማዕድና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፤ ምን ያህል እንደሚቀርብ እናትና አባት ይወስኑ እንጂ ከእሷ ጋር አይደራደሩ። ማዕድ ላይ ስለ ክብደት አይወራ። ከበላች በኋላ እንዳታስታውክ አንድ ሰዓት ያህል አብረሻት ተቀመጪ፤ ቡና ይፈላ፣ ወሬ ይነሣ። የንስሐ አባቷንም አነጋግሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹም አትልም፣ እህትሽ ደግሞ ይህን ከአንቺ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ትቀበላለች።

እንግዳ ሲመጣ በሩን አንቺ ክፈቺ። ገና ደጅ ሳሉ «ስለ ሰውነቷ ምንም እንዳትሉ» በያቸው።